የቀበቶ ዘለበት ከየት መጣ? የዴንቨር ሙዚየም ውዝግብ ለኢትዮጵያ ቅርሶች የሚነግረን

በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2023 የአንዲት ምሁር ስም ከማሳያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ አነሳ። ከስያሜው ጋር ተያይዞ የተሰጠውን 185 ሺህ ዶላር ገደማም ለቤተሰባቸው መለሰ። (ሌላ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምሁሯ ኤማ ባንከር ይባላሉ። ስማቸው ከግድግዳው ሲነሳ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ለረጅም ዘመን የሙዚየሙ አማካሪ ነበሩ፤ በቦርድ አባልነትም አገልግለዋል። በሙያው ዓለም ስማቸውን ያስጠራው ግን ለብዙ ሰው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው፦ የጥንት የእስያ አርብቶ አደሮች ወገባቸው ላይ ይታጠቋቸው የነበሩ ያጌጡ የነሐስና የወርቅ የቀበቶ ዘለበቶች።

ወሬው ከሙዚየሙ ብዙም ሳይርቁ በኦሮራ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባዕድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዴንቨር ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ናት፤ ኦሮራም ከአዳማ ጋር እንዲሁ ተዛምዳለች። ዴንቨር በ2001 ደግሞ የቀበቶ ዘለበቶቹ ከሚገኙበት ምድር ከሞንጎሊያ ዋና ከተማ ከኡላንባታር ጋር ተመሳሳይ ዝምድና መሥርታለች። አክሱምም ሆነች የሞንጎሊያ ሜዳ ብዙ ቅርሳቸው ወደ ሩቅ አገር ተሻግሮ የቀረባቸው ምድሮች ናቸው።

የዴንቨሩ ውዝግብ የሚያነሳው ጥያቄ ለሁለቱም አንድ ነው። አንድ ቅርስ ከየት እንደተገኘ ሳይታወቅ ሲቀር የሚጠፋው ምንድን ነው?

ወገብ ላይ የሚነበብ ማዕረግ

በአማርኛ መታጠቅ ወገብን በመቀነት ወይም በቀበቶ ማሰር ነው፤ መሣሪያ መያዝም ነው። ትጥቁን ፈታ የተባለ ተዋጊም ከጦርነት ወጣ ማለት ነው። ቋንቋው ራሱ ቀበቶን ከሥልጣንና ከጉልበት ጋር አያይዞታል።

በጥንቱ ዓለምም እንዲሁ ነበር። በመጨረሻው የሮማ ዘመን ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ከተቀረጹ የነሐስ ጌጦቹ ጋር የወታደርና የመንግሥት ሹም መለያ ነበር። የሮማ አገዛዝ በብሪታኒያ ባከተመበት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ሹመቱ ቢቀርም ቀበቶው አልቀረም። ቀደምት አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት ሕዝቦች ሙታናቸውን ከነዘለበታቸው ይቀብሩ ነበር።

በኦክስፎርድ አቅራቢያ በምትገኘው ዶርቼስተር በ1874 ከአንድ መቃብር የወጡት የሮማ ዘመን የቀበቶ ጌጦች ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ተመራማሪዎች ባለቤቱ ሮማን ያገለገለ ጀርመናዊ ቅጥር ወታደር ነበር ወይስ አልነበረም በሚል ለበርካታ አስርት ዓመታት ተከራክረውበታል። ክርክሩ ሊኖር የቻለው ጌጦቹ ከየትኛው መቃብርና ከማን አስከሬን ጋር እንደተገኙ ስለሚታወቅ ነው።

ከሁሉ የታወቀው ዘለበት በ1939 በምሥራቅ እንግሊዝ ሳተን ሁ በተባለ ሥፍራ የተገኘው ነው። 13.2 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 412.7 ግራም ክብደት ያለው የወርቅ ዘለበት ሲሆን፣ ገጹ እርስ በርስ በተጠላለፉ እንስሳት ቅርጽ ተሸፍኗል። በሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነመርከቡ የተቀበረ ታላቅ ሰው፣ ምናልባትም ንጉሥ፣ የታጠቀው እንደሆነ ይታመናል። የመሬቱ ባለቤት ኢዲት ፕሪቲ የግኝቱ ሕጋዊ ባለቤት መሆናቸው ከተወሰነላቸው በኋላ ለብሪቲሽ ሙዚየም በስጦታ አበርክተውታል።

ባንከር ያጠኗቸው ዘለበቶች ከዚህ ይቀድማሉ። ከዛሬዋ ቻይና ሰሜናዊ ድንበር እስከ ሳይቤሪያ የተዘረጋው የሣር ሜዳ ሕዝቦች የሚታገሉ አውሬዎች፣ ፈረሶችና ግመሎች የተቀረጹባቸውን የቀበቶ ሰሌዳዎች ይሠሩ ነበር። ባንከር በ1970 በኒው ዮርክ ለታየ የእንስሳ ቅርጽ ጥበብ ዐውደ ርዕይ የተዘጋጀውን መጽሐፍ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ጽፈዋል። በ1997 የሳክለር ስብስብን፣ በ2002 ደግሞ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የታዩትን የኒው ዮርክ ስብስቦች የሚመለከቱ ግዙፍ መዘርዝሮች አሳትመዋል። በሙያው ያለ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ሳይጠቅስ ማለፍ ይከብደዋል።

ምሁርና ነጋዴ

የባንከርን ስም ያጎደፈው ግን ከቀበቶዎቹ ይልቅ ከካምቦዲያ ቅርሶች ጋር የተያያዘው ሥራቸው ነው።

መቀመጫውን ባንኮክ ያደረገው እንግሊዛዊ ሰብሳቢና ነጋዴ ዳግላስ ላችፎርድ በካምቦዲያ የእርስ በርስ ጦርነትና ከዚያ በኋላ ከቤተ መቅደሶች የተዘረፉ ቅርሶችን ሐሰተኛ ታሪክ እየሰጠ ሸጧል በሚል በ2019 በኒው ዮርክ ክስ ተመሠረተበት። በ2020 በመሞቱም ክሱ ተቋረጠ። ባንከር ከዚህ ሰው ጋር በ2004፣ በ2008 እና በ2011 ስለ ክሜር ጥበብ ሦስት መጻሕፍት በጋራ አሳትመዋል።

በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል አቃቤ ሕግ ከዴንቨር ሙዚየም አራት ቅርሶች እንዲመለሱ ለፍርድ ቤት አመለከተ። እነርሱም የጥበብ እመቤት የፕራጅናፓራሚታ ሐውልት፣ የፀሐይ አምላክ የሱርያ ሐውልት፣ የብረት ዘመን የነሐስ ደወል እና የተቀረጸ የቤተ መቅደስ የበር ጉበን ናቸው። ሙዚየሙ አልተከራከረም። ቅርሶቹ በነሐሴ 2022 በኒው ዮርክ ለካምቦዲያ ከተሰጡት 30 ቅርሶች መካከል ነበሩ።

ዴንቨር ፖስት የተሰኘው ጋዜጣ በ2022 መጨረሻ በሦስት ክፍል ባወጣው የምርመራ ዘገባ ባንከር ለላችፎርድ ንግድ የምሁርነት ሽፋን ሰጥተዋል ሲል አመለከተ። ስማቸው ከግድግዳው የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ባንከር በሕይወት ሳሉ በወንጀል ተከሰው አያውቁም፤ ዛሬ ቀርበው መልስ ሊሰጡም አይችሉም።

የግለሰቧ ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ ከሚነሳው ክርክር ባሻገር ጉዳዩ የአሠራሩን ስልት ግልጽ አድርጎታል። ከመሬት በስውር የወጣ ዕቃ በታወቀ ምሁር መጽሐፍ ውስጥ ፎቶው ሲወጣ ማንነት ያገኛል። ቀጥሎ የመጣ ገዢ መጽሐፉን እንደ ማስረጃ ይጠቅሳል። ሙዚየም ሲረከበው ደግሞ ጥያቄው የተዘጋ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ዕቃው ከየትኛው ጉድጓድ፣ በማን እጅና መቼ እንደወጣ የተናገረ የለም።

ኪስ የሚገባ ቅርስ

የካምቦዲያ ሐውልቶች ሊመለሱ የቻሉት በከፊል ግዙፍ ስለሆኑ ነው። በ2011 በኒው ዮርክ ለጨረታ ቀርቦ የነበረ አንድ የተዋጊ ሐውልት እግሮቹ ተቆርጠው በኮህ ኬር ቤተ መቅደስ ቀርተው ነበር። እግሮቹ ከሐውልቱ ጋር ሲገጥሙ ማስተባበያ አልተገኘም፤ በ2014ም ወደ አገሩ ተመለሰ።

የቀበቶ ዘለበት እንዲህ ያለ ምስክር ትቶ አይሄድም። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ በፖስታ ይላካል። ከሞንጎሊያ ሜዳና ከቻይና ሰሜናዊ ክልሎች የወጡት በርካታ ዘለበቶች ወደ ምዕራባውያን ስብስቦች የገቡት በገበያ በኩል ነው። የብዙዎቹ የተገኙበት ቦታ አይታወቅም፤ መዘርዝሮች ላይ የሚሰፍረውም የአንድ ሰፊ አካባቢ ስም ብቻ ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ የሩሲያ አካል በሆነችው ቱቫ የተካሄደ ቁፋሮ ያሳያል። እዚያ የአንድ የኃይል ማመንጫ ግድብ ውኃ በየዓመቱ ሲጎድል አላ ቴይ የተባለ ጥንታዊ የመቃብር ሥፍራ ይገለጣል። አርኪዮሎጂስቶች ከ2 ሺህ ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ ትልልቅ የቀበቶ ሰሌዳዎችን በአስከሬኖች ወገብ ላይ እንዳሉ አገኟቸው። ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ድንጋይ ላይ በከበሩ ድንጋዮች ያጌጠ ሲሆን፣ አብረውት የተገኙት የቻይና ሳንቲሞች ዘመኑን ለማወቅ ረድተዋል።

ትላልቆቹን የቀበቶ ሰሌዳዎች ታጥቀው የተገኙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

አውሬ ከአውሬ ሲታገል የሚያሳይ የነሐስ ዘለበት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ብቻውን ሲታይ ተመልካች የሚገምተው ወንድ ፈረሰኛ ነው። መቃብሩ ግን ሌላ ታሪክ ተናገረ። የተዘረፈው ዘለበት ይህን መናገር አይችልም፤ ታጣቂዋ እመቤት ከመቃብሯ ጋር ጠፍታለች።

በዚህ ላይ የተለየ አቋም ያላቸው ምሁራን አሉ። ዕቃው አንዴ ከመሬት ወጥቷል፤ ምንጩ አልታወቀም ብሎ አለማጥናት የቀረውን ጥቂት ዕውቀት መጣል ነው ይላሉ። ክርክሩ ሚዛን አለው፤ በብዙ የጥንት ጽሑፎች ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። በአንጻሩ በርካታ የሙያ ማኅበራት የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት እንደ ወሰን ወስደዋል። የአሜሪካ ሙዚየሞች ማኅበራትም በ2008 ይህንኑ ዓመት መለኪያ አድርገው መመሪያ አውጥተዋል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የምሁር ፊርማ የሚቀጥለውን ዘለበት ዋጋ ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለ ዋጋም የሚቀጥለውን መቃብር ያስቆፍራል።

ከአክሱም ዓለም ወደ እንግሊዝ መቃብር

የተመዘገበ ግኝት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ለኢትዮጵያውያን የሚያስረዳ ምሳሌ ከዚያው ከአንግሎ ሳክሶን ቀበቶዎች ይገኛል።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ባለጸጋ የእንግሊዝ ሴቶች ከቀበቶአቸው ላይ ትንሽ ከረጢት ያንጠለጥሉ ነበር። የአንዳንዶቹን ከረጢት አፍ ከፍቶ የሚይዘው ከዝኆን ጥርስ የተሠራ ቀለበት ነው። እንዲህ ያሉ ቀለበቶች ከብዙ መቃብሮች ወጥተዋል። ጥርሱ ከየት መጣ የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል።

በሊንከንሻየር ስክረምቢ በተባለ ሥፍራ ከ2018 ጀምሮ በተካሄደ ቁፋሮ የተገኙ ቀለበቶች በቤተ ሙከራ ተመርምረው ውጤቱ በ2023 ታተመ። ጥርሱ የአፍሪካ ዝኆን ነው። በውስጡ የተገኘው ኬሚካዊ ምልክት ዝኆኖቹ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባለበት ምድር መኖራቸውን የሚያመለክት በመሆኑ ተመራማሪዎቹ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ጠቆሙ። ጥርሱን ወደ ሜዲትራኒያን ያሻገረው ንግድ ላይም የአክሱም መንግሥት እጅ ሳይኖርበት እንደማይቀር አመልክተዋል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የባሕር ነጋዴዎች መምሪያ የዝኆን ጥርስ በአክሱም በኩል ወደ አዶሊስ ወደብ እንደሚወርድ አስቀድሞ መዝግቧል።

ቀለበቱን አንድ ሰው በሌሊት ቆፍሮ ቢሸጠው ኖሮ ዛሬ በአንድ ሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ስም የለሽ የጥርስ ስባሪ ይሆን ነበር። በመቃብሯ ውስጥ፣ በሴትየዋ ወገብ አጠገብ ስለተመዘገበ ግን አክሱምን በእንግሊዝ ታሪክ ውስጥ አስገባት።

እንግሊዝ ይህን ለመጠበቅ የዘረጋችው ሥርዓት ከቅጣት በላይ ማበረታቻ ላይ ይመረኮዛል። በ1996 የወጣው ሕግ ወርቅና ብር ያገኘ ሰው በ14 ቀናት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ሙዚየም ከገዛው ለአግኚውና ለባለ መሬቱ ካሳ ይከፈላል። ተራ የነሐስ ዘለበቶች በአብዛኛው ከሕጉ ውጭ በመሆናቸው፣ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዘው በእርሻ ላይ የሚዞሩ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያስመዘግቡበት አሠራር ተዘርግቷል። በዚህ መንገድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል።

ሥርዓቱ ቀዳዳ አለው። በ2015 በሄርፎርድሻየር የተገኘ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት በአግኚዎቹ ተደብቆ ተሽጧል። አግኚዎቹ በ2019 ቢፈረድባቸውም 300 ያህል ይሆናሉ ከተባሉት ሳንቲሞች በጊዜው የተመለሱት 31 ብቻ ነበሩ። ራሱ ብሪቲሽ ሙዚየም በ2023 ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ዕቃዎች ተሰርቀዋል፣ ጠፍተዋል ወይም ተጎድተዋል ሲል አምኗል። አብዛኞቹ ትንንሽ የከበሩ ድንጋዮችና ጌጦች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በአግባቡ አልተመዘገቡም ነበር። ያልተመዘገበ ዕቃ መጥፋቱም ቶሎ አይታወቅም።

የመቅደላ ዝርፊያ ሰነድ አለው

የሳተን ሁ ዘለበት በክብር የሚታይበት ሙዚየም በመጋዘኑ 11 የኢትዮጵያ ጽላቶችን ይዟል። ለሕዝብ አይታዩም።

በእነዚህ ቅርሶች ላይ የተገኙበት ቦታ አይታወቅም የሚል ክርክር አይነሳም። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1868 መቅደላን ሲይዝ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆልምስ አብሮት ነበር። ዝርፊያውን ለማጓጓዝ 15 ዝኆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀናት ጨረታ ተካሂዶ ገንዘቡ ለወታደሮች ተከፋፍሏል። ዘራፊዎቹ ራሳቸው የጻፉት ሰነድ የይገባኛል ጥያቄው ዋና ማስረጃ ሆኗል።

እንቅፋቱ ሕግ ነው። የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ሙዚየሙ ንብረቱን እንዳይሰጥ ይከለክላል። በዚህ ሕግ የማይታሰሩት ተቋማትና ግለሰቦች ግን እየተንቀሳቀሱ ነው። በ2021 ሼሄራዛዴ ፋውንዴሽን የገዛቸው 13 የመቅደላ ቅርሶች፣ ዘውድ፣ ጋሻ፣ መስቀሎችና የብር ጌጥ ያላቸው ዋንጫዎችን ጨምሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የዌስትሚንስተር አቢ ቤተ ክርስቲያንም በ2024 በመንበሩ ውስጥ የሚገኘውን ጽላት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱን አስታውቋል።

ከሮም በ2005 የተመለሰው የአክሱም ሐውልትም ከዚሁ ረድፍ ነው። 160 ቶን ገደማ የሚመዝንን ድንጋይ ማንም ከሌላ ቦታ መጣ ሊል አይችልም።

ስጋቱ ያለው ሰነድ በሌላቸው ላይ ነው። የእጅ መስቀል፣ ከብራና መጽሐፍ የተቀደደ ሥዕል፣ ክታብ፣ የአንገት ጌጥ፣ የፈረስ ዕቃ የቀበቶ ዘለበት ዕጣ ይደርሳቸዋል። በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት የተዘረፉ ናቸው የተባሉ ቅርሶች በኢንተርኔት ገበያ ለሽያጭ መቅረባቸው ተዘግቧል። ከየትኛው ደብር እንደወጡ የሚያሳይ ፎቶ ወይም መዝገብ ከሌለ የኢትዮጵያ ጥያቄ በውጭ ፍርድ ቤት ፊት ባዶ እጁን ይቀርባል።

በአንጻሩ ከላሊበላ በ1997 የተሰረቀው የአፍሮ አይገባ መስቀል ቤልጂየም ውስጥ ተገኝቶ በ2001 ሊመለስ ችሏል። መስቀሉን ምዕመናን፣ ካህናትና ተመራማሪዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ሌላ መስቀል ነው ብሎ መካድ አልተቻለም።

በስደት ያለው ድርሻ

ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. ያወጣችው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርሶች እንዲመዘገቡና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ ይደነግጋል። በገጠር ካሉት እጅግ ብዙ አድባራትና ገዳማት አንጻር ግን የምዝገባው ሥራ ሰፊ ጊዜና አቅም ይፈልጋል። እስከዚያው የሚወጣው ቅርስ የሚደርሰው ደግሞ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩባቸው ከተሞች ጭምር ነው።

ሲራክ አስፋው የተባሉ በሮተርዳም የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ በ1998 እንግዳ ሆኖ ቤታቸው ካረፈ ሰው ሻንጣ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዘውድ አገኙ። ከትግራይ ጨለቆት ሥላሴ የጠፋ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነበር። ዘውዱን አልሸጡትም፤ ከ20 ዓመት በላይ ደብቀው አቆዩት፤ በ2020ም አዲስ አበባ ላይ ለመንግሥት ተመለሰ። ውሳኔው የአንድ ሰው ነበር፤ መመለሱን ያቀለለው ግን ዘውዱ በቀድሞ ፎቶግራፍ ላይ በካህኑ ራስ ላይ መታየቱ ነው።

በዴንቨርና በኦሮራ ላሉ ቤተሰቦችም ሆነ በሌላ አገር ላሉ ከዚህ የሚወጣው ተግባር ከባድ አይደለም። ከኢትዮጵያ የመጣ ጥንታዊ ዕቃ ሲሸጥ ያየ ሰው የሽያጭ ገጹን ፎቶ፣ ቀኑንና የሻጩን መግለጫ አስቀምጦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለኤምባሲ ማድረስ ይችላል። ዕቃውን ለማዳን ብሎ መግዛት ግን ገበያውን ሊያሟሙቅ ይችላል። በቤቱ የአያቶቹ ንብረት ያለው ደግሞ ከማን፣ ከየት ቦታና መቼ እንደመጣ በጽሑፍ ቢያኖር ለልጆቹ ከዕቃው ጋር ታሪኩን ያወርሳቸዋል። በአገር ቤት ያለ ደብር አባል ከሆነ ለበዓል ሲሄድ በካህናቱ ፈቃድ የሚያነሳው ፎቶ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ለሙዚየሞቹም የቀረበው ጥያቄ አልተዘጋም። የዴንቨሩ ሙዚየም ስም ከግድግዳ ማንሳቱ አንድ እርምጃ ነው። ባንከር ባሳተሟቸው መዘርዝሮች ውስጥ ላሉት ምንጫቸው ያልተመዘገበ ዘለበቶች ግን የተገኙበትን መቃብር የሚመልስላቸው የለም። የቱቫዋ እመቤት ከነቀበቶዋ በመገኘቷ ማን እንደነበረች በጥቂቱም ቢሆን ታውቋል፤ በስክረምቢ የተቀበረችው ሴት ደግሞ ወገቧ ላይ የነበረው ቀለበት ወደ አክሱም ዓለም የሚያደርስ መንገድ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ዕቃ ቤቶች ውስጥ ፎቶ ሳይነሱ የተቀመጡት መስቀሎችና ብራናዎች ከሁለቱ ዕጣዎች የትኛው እንደሚደርሳቸው የሚወሰነው ከቦታቸው ከመነሳታቸው በፊት በሚሠራው ሥራ ነው።